መስታወት የሆነው ሲሊንደር

ውድ ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት እጅህ የሚገባው ሐይቁን በሰላም ከተሻገርክ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያዬ ለምንም አይረባም። ብቻ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ።

የጀልባህን ሞተር ሲሊንደር ሳዘጋጅ አጠገቤ ቆመህ የሳቅከውን ታስታውሳለህ? «እትዬ፣ ይሄ እኮ ፈንጣጣ የወጣበት ነው!» አልከኝ። ውስጡን በተጠላለፉ ስስ ጭረቶች ሞልቼ፣ ከላይ፣ ውስጡ ወጣ ገባ የሚለው ፒስተን ቆም ብሎ በሚመለስበት ቦታ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች አበዛሁበት። ያስተማረኝ የለም፤ ከተጣሉ ሞተሮች የለቀምኩት ነው። ቶሎ የሞቱት ውስጣቸው ልሙጥ ነበር፤ ዕድሜ የጠገቡት ግን ጭረታቸው አልጠፋም። ዘይት ማረፊያ ይፈልጋል። ልሙጥ ብረት ላይ ከሆነ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ከዚያ ብረት ከብረት ይፋተግና ፒስተኑ ተጣብቆ ቀጥ ይላል። ይህን ስነግርህ «በቃ ለዘይት ቤት ሠራሽለት በይኛ» ብለህ ቀለድክ።

ዛሬ ጠዋት አባባ ወደ መሥሪያዬ ብቅ አለ።

«ልጄ ወደደው?» አለኝ።

«ምኑን አባባ?»

«ሲሊንደሩን ነዋ! አንቺ ለሞተሩ ጋስኬት ፍለጋ ስትዞሪ የዋልሽ ቀን ወለወልኩት እኮ። እንዲህ ተበሳስቶ ለወንድሟ ልትሰጠው ነው ብዬ አፈርኩልሽ። አሁን ጢሙን ሊላጭበት ይችላል!»

ታውቀዋለህ፤ ዕድሜውን ሙሉ የበር እጀታ ሲያብረቀርቅ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ ያለቀ ብረት ማለት ፊት የሚያሳይ ብረት ነው። ዓይኑ ቢደክምም በጣቱ እየዳሰሰ አንዲት ጉድጓድ ሳያስቀር አጥፍቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦልሃል። አንተም እንደተጠቀለለ ወስደህ ገጠምከውና ሐይቁ ላይ ወጣህ። ምን ልበለው? «ጎበዝ፣ አባባ» አልኩት። ጣቶቹ አሁንም ጥቁር ናቸው።

ስልክህ አይሠራም። ማዶ ወደብ ደወልኩ፤ ዘበኛው አነሳ።

«እናቴ፣ ነፋስ ነው። ሁሉም ዘግይቷል» አለኝ።

«ሞተሩ ችግር አለበት፤ እባክህ ሰው ይላክ።»

«ምን ሆነ?»

«ውስጡ በጣም ለሰለሰ።»

ከዚያ በለሆሳስ «እሱ ጥሩ አይደል እንዴ?» አለኝ። ነፋሱ ካልበረደ ለፍለጋ የሚወጣ ጀልባም የለም።

ቀስ ብለህ ከነዳህ ይደርሳል እላለሁ። አንተ ግን ቀስ ማለት የት ታውቃለህ? አብራህ ያለችው ትንሿ ልጅህ ደግሞ የሞተሩ ሽፋን ላይ ጆሮዋን ጥላ መተኛት ትወዳለች። ድምፁ ሲለወጥ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት።

ደብዳቤውን ሐይቁን ዞሮ ለሚሄደው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ለዘበኛው ያደርስልኛል። ከደረስክ አደራህን ሞተሩን እንደገና እንዳታስነሳ። ለአባባም እውነቱን እንዳትነግረው። ከደጅ ወንበሩ አልተነሳም፤ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ምስጋናህን ይጠብቃል። በዘበኛው ስልክ ደውልለትና «አባባ፣ ያበራል» በለው።

እኔም ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ።

እትዬህ