ከነባትሪው ስለታሰረው መልቲሜትር፣ ለኮምቦልቻው ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ፣ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የጥቅል ዕቃ ማመላለሻ ድርጅት የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ፣ በድርጅትዎ የደሴ ቢሮ መስኮት ላይ «አደገኛ ዕቃ ደብቀው ያስላኩ» ከሚል ርዕስ ሥር ስሜ ተለጥፎ ማየቴ፣ እንዲነሳልኝም የይቅርታ ማመልከቻ እንዳስገባ መነገሬ ነው። ማመልከቻው እነሆ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ግን ብፈልግ ብፈልግ የማስገባበት ቦታ አጣሁለት።

እርስዎ ብዙ ሰው ስለሚያስተናግዱ ባያስታውሱኝ አልቀየምም። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ሆጤ፣ ብዙ ተከራዮች አንድ ቧንቧ በምንቀዳበት ግቢ ውስጥ ነው። ክረምቱ ሲገባ ያ ቧንቧ መንዘር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንዳን ጣት ላይ የሚሄድ ያህል ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታ ክንድ ድረስ የሚዘልቅ ሆነ። ጎረቤቴ እትዬ ዙበይዳ፣ ሠርግ ያለበት ሰው ሁሉ ወጥ እንዲሠሩለት የሚለምናቸው ሴት፣ «ቢስሚላህ ብለሽ ንኪው፣ አብሽሪ» ይሉኝ ነበር። እኔም ቢስሚላህ ብዬ የግቢያችንን መብራት ከብሬከሩ አጠፋሁት። ቧንቧው ግን መንዘሩን አልተወም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከእኛ ሳይሆን በውሃ መስመሩ ከተያያዘ ከሌላ ቤት እንደሆነ ገባኝ፤ ከየትኛው እንደሆነ ግን የሚነግረን መለኪያ ብቻ ነበር። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ካለፈው ክፉ ጊዜ ዝርፊያ ወዲህ ባዶውን ነው። ጎረቤት ስንጠይቅ ደግሞ ሁሉም «ከእኔ ቤት አይደለም» ይላል፤ በባዶ እጅ ሰውን ሌባ ማለት አይቻልም፣ ቦይለርህ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል ማለትም እንደዚያው ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ከሊድ ከመርካቶ አንድ ርካሽ ዲጂታል የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መልቲሜትር ገዝቶ፣ በእርስዎ ድርጅት በኩል ላከልኝ። በላኪው ቅጽ ላይ በገዛ እጁ «መልቲሜትር፣ ከነባትሪው» ብሎ ጻፈ። ደበቀ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ በትልልቅ ፊደል ጽፎ መደበቅ ለካ እንዲህ ቀላል ኖሯል።

አንደኛው ምስጋናዬ ለጥንቃቄዎ ነው። ጥቅሉ ኮምቦልቻ ደርሶ ደሴ አልመጣ ሲል ወደ እርስዎ ዘንድ ወረድኩ፤ እርስዎም በትሕትና «ባትሪ ያለው ኤሌክትሮኒክስ አውሮፕላን ላይ አይጫንም» ብለው አስረዱኝ። ጥቅሌ በምን እንደመጣ ስጠይቅዎ «በአይሱዙ» አሉኝ። ወደ ደሴስ በምን ይሄዳል ብልዎ «በአይሱዙ» አሉኝ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት እያጓራ የሚወጣ አይሱዙ ከምድር ከፍ ብሎ በርሮ እንዳያውቅ ሁለታችንም እያወቅን፣ የአየር ደንብ አክብረው ስለያዙት አድናቆቴ ወሰን የለውም። ሹፌሩ የተቀመጠበት መኪና ራሱ ባትሪ እንዳለው ያልነገርኩዎ፣ እሱንም ያስሩታል ብዬ ፈርቼ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልናገር። ባትሪ አያሰጋም አላልኩም። ያበጠ የስልክ ባትሪ በተማሪ ኪስ ውስጥ ሲጨስ አይቻለሁ፤ ሱሪውን በውሃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሊቲየም ባትሪ ሲወጋ፣ ሲጨፈለቅ፣ ጫፎቹ ከብረት ጋር ሲነካኩ እንደሚነድ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ደንብ ያስፈልገዋል። የእኔ መልቲሜትር ውስጥ ያለው ግን በየሱቁ ለአሻንጉሊት የሚሸጠው ባለ ዘጠኝ ቮልት ተራ ባትሪ ነው። አውጥታችሁ አስቀሩትና መለኪያውን ስጡኝ ብዬ ለመንኩዎ፤ እርስዎም የታሸገ ጥቅል ያለ ኮሚቴ እንደማይከፈት፣ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ከአምራቹ የደኅንነት ማረጋገጫ ሲመጣ እንደሆነ ገለጹልኝ። አምራቹ ቻይና ነው። ባዶ እጄን ወደ ደሴ ተመለስኩ።

ሁለተኛውን ግን ምስጋና ብዬ ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል።

ቧንቧውን በገመድ አስረነው ውሃ ከሌላ ሰፈር በጀሪካን እንቀዳ ነበር። አንድ ንጋት፣ የሱብሒ ሶላት ሊያልፍ ሲል፣ እትዬ ዙበይዳ ጀሪካናቸው ባዶ ሆኖ አገኙት። ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ ያህል ብቻ ብለው ገመዱን ፈቱ። እግራቸው ባዶ፣ መሬቱ ርጥብ ነበር። እኔ የሰማሁት ጩኸት አይደለም፤ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ነው። ስወጣ ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ወድቀዋል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ቃል ግን የለም። ልነካቸው ፈራሁ፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ከቧንቧው ጋር አለመነካካታቸውን አይቼ ያዝኳቸውና «እትዬ! እትዬ!» አልኩ። ቆይተው «ያ ረቢ፣ ሶላቱ አለፈኝ?» አሉኝ። ሆስፒታል ስናደርሳቸው ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሮ ተገኘ። ወጥ የሚያማስሉበት እጅ ነው፤ የተዋዋሉት ሠርግ ሁሉ ለሌላ ሴት ተላለፈ።

ያን ጊዜ መለኪያዬ ኮምቦልቻ መደርደሪያዎ ላይ፣ ከአውሮፕላን አደጋ ተጠብቆ በሰላም ተኝቶ ነበር።

ተመልሼ ወደ እርስዎ ስመጣ እትዬ ዙበይዳ አብሬሽ ካልሄድኩ ብለው አስቸገሩኝ። ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ በነጠላ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ሴቶች ለየአገራቸው ዕቃ ሊልኩ ቆመዋል። ከፊታችን የቆመችው ቡዜ የምትባል የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ለእናቷ ወደ ኩታበር አዲስ ስልክ ልትልክ ነበር። የመስኮቱ ሠራተኛዎ ካርቶኑን አየና «ስልክ ካልሽ አይሄድልሽም፣ ልብስ በይው» አላት። ልብስ አለችው፤ ስልኩም ከነሊቲየም ባትሪው ልብስ ሆኖ ተሳፈረ። ሦስተኛው ምስጋናዬ ለዚህ ነው፤ በእርስዎ ቤት እውነት የጻፈ ይታሰራል፣ የዋሸ በሰላም ይገባል፤ እሳቱም ከተነሳ ከልብስ ተነሳ ይባላል።

ተራችን ሲደርስ እርስዎ ራስዎ ወጡ። ከአምራቹ ማረጋገጫ እንዳልመጣ ሲነግሩኝ፣ እትዬ ዙበይዳ ከኋላዬ ወደፊት መጡና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እኔን የጣለኝ ባትሪ አይደለም። የጣለኝን ነገር የሚፈልግልንን ዕቃ ነው ያሰራችሁት። በሉ ስጡን፤ ሌላ ሰው ሳይወድቅ።»

ደረሰኟን ልትቀበል ዳር የቆመችው ቡዜ «ስጧቸው እንጂ!» ብላ ጮኸች፤ ከኋላችን ያሉትም ተቀበሏት። እርስዎ አንድ ወረቀት አመጡ። «አደገኛ ዕቃ መደበቄን አምኛለሁ» የሚል ነበር፤ ከፈረምሽ ትወስጃለሽ አሉኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት፣ ከሥሩም «መለኪያ ከነባትሪው ተላከልኝ፤ የደበቅኩት የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እርስዎ ሰልፉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ጥቅሉን ከፍተው ባትሪውን አስቀሩና መለኪያውን ሰጡኝ። ከበርዎ ፊት ለፊት ካለው ኪዮስክ ሌላ ባትሪ ገዝቼ እዚያው አስገባሁለት። ደረጃዎ ላይ ቆሜ አበራሁት። ምንም አልፈነዳም።

ስለ ዕቃው ጥራት ሕዝብ እንዲያውቀው በዚሁ ልመስክር። ሽፋኑ ቢጫ ፕላስቲክ ነው፤ ማዞሪያው ይላላል፤ ገመዶቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ብዙ ኃይል ባለበት የፋብሪካ መስመር ላይ ማንም እንዳይሞክረው እመክራለሁ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውንም የደኅንነት ደረጃ አልምልለትም። ፀሐይ ላይ ቁጥሩ አይነበብም። ሰሞኑን በእንግድነት ከመጣ ወዳጄ ጥሩ መለኪያ ጋር ሳስተያየው በጥቂት ቮልት ይሳሳታል። ሆኖም ጠባዩ ደስ ይላል፤ ማን እንደያዘው አይጠይቅም፣ ለወጥ ሠሪም ለሥራ አስኪያጅም ያንኑ ቁጥር ይነግራል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዱን ገመድ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ርጥብ መሬት ውስጥ በተከልኩት ብረት ላይ አደረግኩ። መቶ ሠላሳ ቮልት ገደማ አነበብኩ። ጎረቤቶቻችንን በየተራ ብሬከራቸውን እንዲያጠፉ ለመንን። አንዱ አጠፋ፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ሌላዋ አጠፋች፣ አልተነቃነቀም። ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩት አቶ ጸጋው «የእኔ አይደለም፣ ግን ለእናንተ ስል» ብለው ሲያጠፉ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ዜሮ አጠገብ ቆመ። እንደገና ሲያበሩት ተመለሰ። የሻወር ቦይለራቸው ውስጡ ተበልቶ ኤሌክትሪኩን ወደ ውሃው ይለቅ ነበር።

አቶ ጸጋው ቁጥሩን ራሳቸው እንዲያዩ ጠራኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ልጆቼ በዚህ ነው የሚታጠቡት» አሉ። ያኔውኑ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ቦይለሩን ከግድግዳው አስነቀሉት፤ ማታውን ማር ይዘው እትዬ ዙበይዳ ዘንድ መጡና በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እትዬም «ግቡ እንጂ፣ ሳያውቁ ነው» አሏቸው። የገዛ ቤቱ ጥፋት በቁጥር ሲነገረው የሚያፍርና የሚያርም ሰው ደሴ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት በዚያ ምሽት ነው። ይህ ጠባይ ኮምቦልቻ ድረስ ይዳረስ ዘንድ ዱዓ አደርጋለሁ።

እንግዲህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ስሜን ከመስኮቱ ለማንሳት ይቅርታ አልጠይቅም። እንዳሻዎ ይለጠፍ፤ ተማሪዎቼ በዚያ ሲያልፉ እያነበቡ ይስቃሉ። በምትኩ አንድ ወረቀት ቢለጥፉ እወዳለሁ፦ የትኛው ባትሪ አደገኛ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ፣ ጫፉ በፕላስተር እንዴት እንደሚሸፈን፣ ያበጠ ባትሪ ለምን እንደማይላክ፣ በአየርና በመኪና መላክ እንዴት እንደሚለያይ፤ በአማርኛ፣ የፋብሪካ ሴቶች ቆመው ሊያነቡት በሚችሉት ፊደል። መጻፍ ቢከብድዎ እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ ያለ ክፍያ። እስከዚያው ግን ለቤተ ሙከራችን ሌሎች መለኪያዎች እንዲልክልኝ ከሊድን አዝዤዋለሁ፤ በእርስዎው ድርጅት፣ በቅጹም ላይ እውነቱን ጽፎ። ቢያስሯቸው መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልመጣም።

ለጊዜዎ፣ ለኮሚቴዎ፣ እስካሁንም በዓይኔ ላላየሁት ለዚያ አውሮፕላን ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ አላህ ዕድሜና ጥቂት ማስተዋል እንዲጨምርልዎ ከልብ የምመኝ፣ በመስኮትዎ ላይ ስሟ የተለጠፈው፣

ኢስራ አብዱልወሀብ
ሆጤ፣ ደሴ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለእትዬ ዙበይዳ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ሁሉን ጽፈሻል፤ አንድ ነገር ቀረሽ» አሉኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያ ሰውዬ በጄሶ የታሰረ እጄን እያየ አንዴም ምን ሆነሽ ነው አላለኝም» አሉ። ይህን ከቅሬታዎቼ ጋር አልቆጠርኩትም፤ ደንብ አልወጣለትምና።