ከሙጫው ያወጣኋቸው ሽቦዎች

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎስ? መጋዙን ሲገፉ የሚይዝዎ ቁርጥማት ለቀቀዎ ወይስ እንደ ልማድዎ «ምንም አይል» እያሉ እማዬን ያታልሏታል? የእሷስ ዓይን እንዴት ሆነላት? ታናሽ ወንድሜስ በመዶሻ የራሱን ጣት መምታት ተወ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ጭንቅላቴ ነው፤ ግራ ገብቶኛል።

የአውቶቡስ በር የሚሠራ ፋብሪካ ገብቻለሁ። እዚህ ቆርቆሮውን ከብረት ፍሬሙ ጋር የሚይዘው ብሎን ሳይሆን ሙጫ ነው። ይሄን ስሰማ የአናጢ ልጅ አይደለሁ፣ ደረቴን ነፋሁ። አለቃችን ግን ሙጫውን ስቀባ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች መሃሉ ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። እርስዎ ዘንድ ሙጫ ውስጥ ጉድፍ ከቀረ የሚከተለውን ቁጣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዘወር ሲልልኝ ሽቦዎቹን ለቅሜ አወጣሁና «ሙጫው እስኪያለቅስ እሰሪው» እንደሚሉኝ በማጥበቂያ ጠፍሬ ጨመቅኩት። መጋጠሚያው አይታይም ነበር፤ እንዴት እንደኮራሁ! እንዲህ አድርጌ አሥራ አንድ በር ሠራሁ።

ሥራዋ መስበር የሆነ፣ እኛም ሰባሪዋ የምንላት ሴት አለች። በሮቹን ስንሠራ ጎን ለጎን በዚያው ሙጫ የምናጣብቃትን ትንሽ ናሙና በማሽን ትስባለች። ሽቦውን ያላወጣችው የሥራ ጓደኛዬ ወፈር ያለው ሙጫ እየተለጠጠ ብዙ ታገለ። የእኔ ጥርት ያለ ሥራ ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ሙጫ ከሳሳ የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል፣ ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው የለም አለችኝ። እሺ ብዬ በማግስቱ ለሙከራ የሽቦውን ስምንት እጥፍ አወፈርኩት። እሱም ቶሎ ተሰበረ! ለካ ልክ አለው፤ ሽቦው የሚቀመጠው ልኩን ሊጠብቅ ነው። ደግሞ ሌላ ደረቅ ዓይነት ሙጫ አለ፤ እሱን ማወፈር ያን ያህል አይጠቅመውም ትላለች። ታዲያ የእርስዎ ወንበሮች ሠላሳ ዓመት እንዴት ቆሙ? እንጨት ሙጫ ይጠጣል፣ ብረት አይጠጣም አለችኝ። ገባኝ ስል መልሶ ይጠፋብኛል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አለቃችን ሽቦ ማውጣቴን ስለማያውቅ የናሙናዬ ጥፋት የሙጫው መስሎት፣ ሙጫ የሚያዋህዱትን ሽማግሌ ከሥራ አገዳቸው። ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ እያየሁ ዝም አልኩ። አሥራ አንዱ በሮቼም ናሙናው ከመሰበሩ በፊት ሰው ሊሳፈርባቸው ተጭነው ሄደዋል። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። ዛሬ ጠዋት አለቃችን ቢሮ ሄጄ፣ እኔ ነኝ አልኩ። በሮቹ እንዲመለሱ ወዲያው ተደወለ፤ ሽማግሌውም ተጠሩ። የእኔን ነገር ሰኞ እንነግርሻለን ብለውኛል።

አለቃችን ግን ሽቦ አውጥቶ መጭመቅን ማን አስተማረሽ ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ልል አፌን ከፈትኩና «ማንም» አልኩ። እርስዎ በዚያ ክፍል ከጥፋት ጋር እንዲነሱ አልፈለግሁም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ግን አለቀስኩ። ያከበርኩዎ ይሁን የካድኩዎ እስካሁን አላውቅም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።

እማዬን ጉልበትሽን ስማለች በሏት፤ የሰኞውን ግን አያንሱባት። ለትልቋ እህቴና ለባሏ፣ ጥርስ ላበቀለችው ሕፃናቸውም ሰላምታዬ ይድረስ። ታናሽ ወንድሜን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ይሳሙልኝ። ሙጫ ሲያስተምሩት ግን፣ አባባ፣ «ይሄ ለእንጨት ነው» ብለው ይጨምሩለት።

ልጅዎ
ከፋብሪካው ሠራተኞች ማደሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን