ሰማዩ የጠራበት ውሽንፍር

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2003
ቬስትዳል፣ ሰሜን ዳኮታ

የምወድሽ ልጄ ቶራ፣

ስልክ ስለማታነሺ ይኸው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ፖስታውን ስታዪ «ደግሞ ምን ሊያርመኝ ነው» ብለሽ ሳትከፍቺው እንዳትጥዪው ብዬ አድራሻሽን በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩት። ቀዩን እስክሪብቶ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ሲቀልጥ የሸተተው ሽታ ከወጥ ቤቱ እስካሁን አልወጣም።

እናትሽን በቤተ ክርስቲያን ከሸኘናት ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ያመጡትን የድንችና የሥጋ ምግብ እየበላን ሳለ፣ በአክስትሽ በጉድሩንና በፓስተሩ ፊት «እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልሽ። ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። አባት ነኝና የሆነ ቃል ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ «ቡና ጨምሩልኝ» አልኩ። ካንቺ ቃል ይልቅ እስካሁን የሚያስደነግጠኝ ይህ የራሴ ቃል ነው። አንቺ ካፖርትሽን ሳትቆልፊ ወጥተሽ ሄድሽ፤ እኔ ቡናውን ጠጣሁት።

ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን የአየሩን ጠባይ ስትናገሪ አላየሁሽም። ጉድሩን «ቶራ ሥራዋን ልትለቅ ማመልከቻ ጽፋለች፤ ከእንግዲህ ቬስትዳልም አትመጣም» አለችኝ። ማመልከቻው ሳይጸድቅ ይህ ወረቀት እንዲደርስሽ ነው ችኮላዬ።

በአንቺ ቦታ አንድ ጸጉሩን የተቀባ ጎረምሳ አስገብተዋል። ትናንት ስድስት ኢንች በረዶ ወረደና «የበረዶ ናዳ ወረደብን» ሲል ሰማሁት። ልጄ፣ ናዳ ተራራ ይፈልጋል። በዚህ እንደ ገበታ ለጥ ባለ አገር ከፍታ ቢባል የጎረቤታችን የላቨርን የእህል ጎተራ ነው። እንደ ልማዴ ለመሳደብ አፌን ከፈትኩና ወደ እናትሽ ወንበር ዞርኩ። ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ብቻ ነበር።

ልማዴን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየማለዳው ግቢው ውስጥ ባለው ነጭ ጣውላ ላይ ያረፈውን በረዶ በማስመሪያ ለክቼ፣ ጠርጌ፣ ለአየር ጠባይ ቢሮ በስልክ ስነግር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥጥ የመሰለ በረዶ ያለ ነፋስ ቀጥ ብሎ ሲወርድ አንቺ «ውሽንፍር» ስትዪ ጨጓራዬ ይላጥ ነበር። ጉልበት የሚደርስ ቢወርድም ከባድ በረዶ ነው እንጂ ውሽንፍር አይደለም። ውሽንፍር የነፋሱ ሥራ ነው፤ ነፋሱ በሰዓት ሠላሳ አምስት ማይል እየሮጠ፣ ሩብ ማይል ላይ ያለ ነገር ሳይታይ ሦስት ሰዓት ሲቆይ ነው። ከሰማይ አንዲት ቅንጣት ባትወርድ እንኳ፣ የተኛውን በረዶ ከመሬት አንስቶ ዓይንሽን ከጋረደው ውሽንፍር ነው። ይህን ስንት ጊዜ ጻፍኩልሽ? እናትሽ ፖስታውን እያሸገች «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሉት ላንተ ነው» ትለኝ ነበር። «እሱ የሚባለው ለሚስት ነው» እላታለሁ። «አንተ ደግሞ ከሚስት በምን ታንሳለህ፣ ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ነው የምትውል» ትለኛለች።

የገናውን ነገር አንቺም አትረሺውም። «አባዬ ሥራዬን የሚያየው በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም» ብለሽ እናትሽ ትከሻ ላይ አለቀስሽ። በነጋታው አንቺን ወደ ከተማ ከሸኘን በኋላ እናትሽ ያዘችኝ።

«አርቪድ፣ በል ማልልኝ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«እስከ ጸደይ ድረስ በልጅቷ ቃል ላይ አንዲት ነገር እንዳትናገር። በደብዳቤም፣ በስልክም፣ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠህም።»

«ናዳ ብትልም?»

«ጎርፍ ብትልም።»

ማልኩላት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ኩርፊያዬ ግን ሆዴ ውስጥ ነበረች። የጎበዝ ልጅ አባት ከመሆን ይልቅ ትክክል መሆን ያስደስተኝ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

እናትሽ ስለሞተችበት ቀን ደግሞ ከኔ አፍ ሰምተሽ አታውቂም። ሌሊቱን አሥራ አራት ኢንች ወረደ። ማስጠንቀቂያው ከዋዜማው ወጥቶ ስለነበር እንደ ወትሮው ዓይን ሲጋረድ ይዘነው የምንሄደውን ገመድ ከወጥ ቤቱ በር ምሰሶ እስከ ከብቶቹ ቤት ወጥሬዋለሁ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በረዶው ቆመ። ቴሌቪዥኑን ስንከፍት አንቺ ከተማው መካከል፣ ሁለት ትልልቅ ሕንፃዎች ነፋሱን በጋረዱበት ቦታ ቆመሻል። ቀዩ ኮፍያ ያምርብሽ ነበር፤ እናትሽ «እዩዋት፣ እኔ የሠራሁላትን አድርጋዋለች» አለች፤ ማንን እንደምታናግር እንጃ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንቺም ፈገግ ብለሽ «ታሪካዊው ውሽንፍር አብቅቷል፤ የቀረን መዛቅ ብቻ ነው» አልሽ።

ይህ ስህተት ነበር፣ ቶራ። በፍቅር ብዬ ላለሳልስልሽ አልችልም፤ ውሸት ከተደረበበት የቀረውንም አታምኚኝም። ማስጠንቀቂያው እስከ ማግስቱ ማለዳ የጸና ነበር። የቆመው በረዶው ነው፤ ነፋሱ ገና አልመጣም። አንቺ በረዶና ውሽንፍር አንድ ስለመሰሉሽ በረዶው ሲቆም ሁሉም ያለቀ መሰለሽ።

እናትሽ አመነችሽ። ላቨርን ግቢውን በትራክተር ሊጠርግልን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ነበርና፣ ገመዱ ጎማው ላይ እንዳይጠመጠም ብላ ፈታችው። ጥቅልሉን በረንዳው ላይ ሰቅላ፣ የወተት ጡጦውን ካፖርቷ ውስጥ ይዛ፣ ማክሰኞ ወደተወለደችው ጥጃ ሄደች። ሰባ እርምጃ ነው። ፀሐይ ነበር።

ነፋሱ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ አላውቅም። ሰዓት የማያይ ሰው አልነበርኩም፣ ያን ጊዜ ግን አላየሁም። መስኮቱ በአንድ ጊዜ ነጣ። በሩን ከፍቼ ቀና ስል ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ዝቅ ስል የራሴ እጅ አይታየኝም። ገመዱን ወገቤ ላይ አስሬ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ገመዱ ያለቀበት ድረስ ሄጄ፣ የከብቶቹን ቤት ግን ሳላገኘው፣ ስሟን ጠራሁ። መጥበሻና ጭልፋ ይዤ እያንኳኳሁ ቆምኩ። ከብቶቹ ቤት ደርሳ ይሆናል፣ ጥጃዋ ጎን ተጠግታ ትሞቅ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በማግስቱ ረፋድ ነፋሱ ሲወድቅ ላቨርን ከምዕራቡ አጥር ሥር አገኛት። የከብቶቹን ቤት በአሥር እርምጃ ስታ አልፋው ነበር። ጡጦውን እጆቿ መካከል አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ላቨርን ትልቅ ሰው ነው፣ ጦርነትም አይቷል፤ ቤት ገብቶ ኮፍያውን አውልቆ «አርቪድ» አለና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

እስከዚህ ያለውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቷ በቴሌቪዥን አለቀ አለች፣ እናቲቱ አምና ወጣች ይላሉ። ጉድሩን በየቤቱ የምታወራው ይህንኑ ነው። ውሸት የለበትም።

የቀረውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እናትሽ ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆመች። ቦት ጫማዋን አድርጋለች፣ አንድ እጅ ጓንት አጥልቃለች። እኔ ሬዲዮኑ አጠገብ ነበርኩ። የአየር ጠባይ ቢሮው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ፣ ሃምሳ ማይል፣ እስከ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እያለ። ነፋስ መምጣቱን የሚያሳየውን የአየር ግፊት መለኪያም አይቻለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ያለእኔ ቃል ገመድ ፈትታ አታውቅም። ዞር ብላ ጠየቀችኝ።

«አርቪድ፣ እውነት አልፏል? አንተ ምን ትላለህ?»

«ልጅሽን ጠይቂ» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቶራ። ቀናም አላልኩም። መሐላዬን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ከመሐላው በታች ግን ሌላ ነገር ነበረ። ወጥታ ነፋሱ ፊቷን ሲገርፋት ተመልሳ «ለካ ልክ ነበርክ» እንድትለኝ ፈለግኩ። አምስት ደቂቃ ቢበርዳት ምን ትሆናለች አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፤ አስቤበት ነው የተናገርኩት። ይህን ያደረገው ሰው እኔ መሆኔን ማመን ያቅተኛል። ጠዋት ስላጭ መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ አየዋለሁ፤ አላውቀውም።

አንቺ ባለማወቅ ተሳሳትሽ። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ምድር ቤት ውስጥ ጥፋቱን አንስተሽ ስትሸከሚ ደግሞ ዝም ብዬ አሸከምኩሽ።

የፊታችን እሑድ ከስብከቱ በኋላ ቆሜ ይህንኑ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ለፓስተሩ ነግሬዋለሁ፤ «አርቪድ፣ ግድ ነው ወይ?» አለኝ። ግድ ነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ግን አስቀድሜ ላንቺ ጻፍኩ። ልትጠዪኝ መብትሽ ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም። ሥራሽን ግን አትልቀቂ። እናትሽ ድምፅሽን ስትሰማ የእጅ ሥራዋን ታቆም ነበር፤ በዚህ ሜዳ ላይ በየወጥ ቤቱ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ሴቶች አሉ። በረዶው ሲቆም ነፋሱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ንገሪያቸው። ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ። ይህን ከሃያ ዓመት በፊት ልነግርሽ ይገባ ነበር።

መሬቱ በብርድ ስለጠጠረ እናትሽ ገና አልተቀበረችም። ሜይ ላይ አፈሩ ሲላላ እናሳርፋታለን። ያን ቀን አጠገቤ ቁሚ አልልሽም። ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ፣ ፊቴን ከማታዪበት ቁሚ፤ ብቻ ነይ።

ፈጣሪ መንገድሽን ይጠብቅልሽ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፣ የኔን ዝምታ ካንቺ ትከሻ ያውርድልሽ።

እንዲህ ብዬ መፈረም ከተፈቀደልኝ፣

አባትሽ
አርቪድ