ጆሮ እንጂ እጅ የሌለው ድስት

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? የገላን ሰፈር ብርድ ጠናብሽ ወይስ ለመድሽው? እኛ ከነጭቅጭቃችን ደህና ነን። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ላንቺ ጆሮ የሚበቃ ጩኸት ብጮኽ አፍንጮ በር በሙሉ ስለሚሰማኝ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ለብቻሽ አንብቢው።

ጉዳዩ የድስት ነው። አትሳቂ፤ ከባድ ነው።

ምራትሽ እፀገነት ከአራት ኪሎ ቢሮዋ ወጥታ፣ ታክሲ ተጋፍታ ማታ ስትገባ እንኳን ወጥ ልትሠራ ጫማዋን ለማውለቅም አቅም የላትም። ታዲያ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ መክራት የኤሌክትሪክ ድስት ይዛ መጣች። «ጠዋት ጨምረህበት ትወጣለህ፣ ቀስ እያለ ሲያበስል ውሎ ማታ ይጠብቅሃል» አለችኝ፣ ሙሽራ እንደሚያስተዋውቅ ሰው። እኔ እንደምታውቂው የሰዓት መጠገኛ ሱቄ ከፈረሰ ወዲህ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ቁልቁል እያልኩ ቦታ ፍለጋ ላይ ነኝ። ቤት አልውልም። ይህን ያዢልኝ።

እማዬ፣ እንደዚህ ያለ ሰነፍ ዕቃ አይቼ አላውቅም! የመሥሪያ ቤት ሰው በይው። ጠዋት ይገባል፣ ቀይ መብራቱን ያበራል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይሞቃል፣ ማታ ስትጠይቂው «በሂደት ላይ ነው» ይላል። ሽንኩርት አያቁላላም፣ ዘይት አያንጣጣም፤ በመስታወት ክዳኑ ሥር ዝም ብሎ ያልበዋል። የመጀመሪያ ቀን ያወጣውን ምስር ወጥ አልለውም፤ የምስር እጣቢ በርበሬ ተረጭቶበት ነው። ልጃችን ሊያ ቀመሰችና «አባዬ፣ አሞኛል እንዴ?» አለችኝ። የበሽተኛ ምግብ መስሏት እኮ ነው።

ማክሰኞ ደግሞ መብራት ጠፋ። እኔ ለአፍታ ብቅ ብዬ ነበር (ቤት አልውልም ብያለሁ)። ክዳኑን ባነሳ፣ ሥጋው እንደገባ ተኝቷል። እናትና ልጅ ተርበው ሊመጡ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይቱና ከነፍሙ ከሰል ሰጡት። ለድስቱ ማለቴ ነው። ሽንኩርቱን እንደ አዲስ ሲከትፍ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጠብታ ውሃ ሳያስነካ እያማሰለ አቁላላው፤ ክንዱን ዘይት ፈናጠቀበት፣ ተሳደበ። እትዬ ዘይቱና በበሩ አጮልቀው፣ «ወይ ጉድ! ሱሪ የታጠቀ ድስት ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። የሰፈራችንን አፍ ታውቂው የለ።

እፀገነት በላች፣ ድስቱን አየችው። እንጀራ ጨመረች፣ እኔን አየችኝ። ሊያ ግን አላስቻላትም፤ «ድስቱ ዛሬ ጎበዘ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ድስቱ ሰው ሆነ። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል። ጨው ይቀምሳል፣ መከለሻ ሲያልቅበት ይነጫነጫል፣ ሰው በር ሲያንኳኳ ሽርጡን ፈቶ ከሶፋ ሥር ይወረውራል። የኤሌክትሪኩ ድስት ሶኬቱ ተነቅሎ የሽንኩርት ማስቀመጫ ከሆነ ሰንብቷል፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። ተአምር በይው።

ባለፈው ቅዳሜ በምሳ ዕቃ የላክንልሽን ቀይ ወጥ በልተሽ ለእፀገነት ደወልሽ አሉ። «ለድስቱ ንገሪልኝ፤ እጅህን ቁርጥማት አይንካው» አልሽ አሉ። እጅህን! ድስት በሰዋስው ወንድ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን እማዬ፣ ድስት ጆሮ እንጂ የምን እጅ አለው? እፀገነትን ብጠይቃት፣ «እኔ የተላክሁትን ነው ያደረስኩት» ብላ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

አሁን ደግሞ እሁድ መጥቼ ድስቱ ሲሠራ ካላየሁ ብለሻል። ነይ። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅ ሳለሁ ማጀት ብቅ ባልኩ ቁጥር «ወንድ ልጅ ከምድጃ ምን አለው? ውጣ!» እያልሽ በማማሰያ ታባሪኝ ነበር። ድስቱን እንደዚያ እንዳታደርጊው። ጆሮ ስላለው ይሰማል። ደግሞም፣ ለሰው አታውሪበት እንጂ፣ ሥራውን ወዶታል።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ የእሁዱን መንገድ ታቅናልሽ። ርቦሽ ነይ።

እጁን ቁርጥማት ያልነካው
ልጅሽ