«የተለዩ ችግሮች» የሚለው ክፍል

ማክሰኞ

ሪፖርቴ ጠፋ ብዬ ስደነግጥ ዋልኩ። አልጠፋም፤ የባሰ ነው። አልማዝ፣ የኃላፊው ጸሐፊ፣ እንድትተይብልኝ ትናንት በእጄ የጻፍኩትን አሥራ አንድ ገጽ ሰጥቻት ነበር። ዛሬ ስጠይቃት ዓይኔን ሳታይ «ኃላፊው ወሰዱት፤ ላንብበው ብለው ነው» አለችኝ።

ምን አገባቸው? ሪፖርቱ ጅማ ላለው ኮሌጄ የማቀርበው ነው። ግን ሄጄ መልሱልኝ ማለት አልደፈርኩም፤ የልምምድ ውጤቴን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ኮሌጁ የታሪክ ተማሪዎችን ለሁለት ወር ወደ መሥሪያ ቤት የሚልከን ሥራ እንድንለምድ ነው። አባቴ ዋጫ ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ «ታሪክ ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?» እንዳለኝ አለ። በዚህ ውጤት አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ ነበር።

የፈራሁት ክፍል ሦስትን ነው። ርዕሱ «የተለዩ ችግሮች» ይላል። መምህራችን ችግር ያልለየ ሪፖርት ማርክ አያገኝም ብለውናል። ሌላ ነገር ስላጣሁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መዝገብ ቤቱ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ዝግ ነው። ባለጉዳይ ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።» ስም አልጠራሁም። ግን መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ አንድ ነው። እትዬ ወርቄ ናቸው፤ ሥራ ያስተማሩኝም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ረቡዕ

የቦንጋ ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። እንደ ልማዴ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። እትዬ ወርቄ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ፤ ነጠላቸው ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል። በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያደረጉት ቦርሳቸውን መፈተሽ ነው። ከውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የደብዳቤ እሽግ አወጡ። ጠብታ አልነካውም።

«ከየት ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ከፖስታ ቤት ነዋ! ተላላኪው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማን ያመጣል? ሳጥኑን ሳልከፍት መጥቼ ምን መዝገብ እይዛለሁ?»

ሰባት ሳምንት። በየቀኑ «ገቢ» እያልኩ ቁጥር የሰጠኋቸው ደብዳቤዎች በእግራቸው የመጡ መስሎኝ ነበር? ቦርሳቸውን አውቀዋለሁ። ምን እንደያዘ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

የተጠበሰ በቆሎ ገምሰው ሰጡኝ። ሳልቀምሰው በእጄ ይዤው ቀረሁ። የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳሉኝ ትዝ አለኝ፦ «መዝገብ ቤት ብዙ ያያል ልጄ፤ አፍ ግን የለውም።» ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና «ነገ ስብሰባ አለ አይደል?» ብዬ ዘጋሁት።

«ግምገማ ነው። ተይው፤ በየዓመቱ ይዘንባል፣ ያባራል» አሉ።

ሪፖርቴን ለማስመለስ ኃላፊው ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ዞን ስብሰባ ላይ ናቸው። አራተኛም ሄድኩ። አልተመለሱም።

ሐሙስ

ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ግምገማው ጠዋት ተጀመረ። እኔ እንድማርበት ተብሎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም በየተራው ጥንካሬውንና ድክመቱን ተናገረ። ከሻይ በኋላ ኃላፊው ወረቀት አወጡ። ከሩቅ የእጅ ጽሑፌን ለየሁት። ክፍል ሦስትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «ይሄ የእኛ ሰው የጻፈው አይደለም። ከውጭ የመጣ ዓይን ነው ያየን!» አሉ።

የፖስታ ቤቱን ነገር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ማንም ትንፍሽ አላለም። የሥራ ሰዓት ጉዳይ ከበላይ ጥያቄ ስላስነሳ የሚወቀስ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ጽፌ አስረከብኳቸው። እትዬ ወርቄ ተነሡ፣ «ድክመቴን ተቀብያለሁ» አሉ፣ ተቀመጡ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

ከዚያ አንዱ ከዚህ ርቃ ወዳለችው ደካ ይዛወሩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ደካ! ባለቤታቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ በምሳ ሰዓት እየሮጡ ሄደው የሚያጎርሷቸው እሳቸው ናቸው። ውሳኔው ለነገ አደረ። እኔ? እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ጠዋት መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ቃል ጻፍኩ፦ ፖስታ፣ ተላላኪ፣ አልጠየቅኩም። በላብ ተጨማለቀ።

እጄን አወጣሁ። ኃላፊው «ተማሪ አስተያየት አትሰጥም» አሉ።

«አስተያየት አይደለም፤ ግለ ሂስ ነው» አልኩ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኃላፊው ተቸገሩ፤ ከትናንት ጀምሮ ግለ ሂስ አድርጉ ሲሉን ነበርና እንዴት ይከልክሉኝ? ተነሣሁ። መምህራችን «እዩ፣ ጠይቁ፣ ጻፉ» ብለውን ነበር፤ እኔ መሐከለኛውን ዘልዬ ጻፍኩ፤ በሩ ዘግይቶ የሚከፈተው እትዬ ወርቄ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በእግራቸው ስለሚያመጡ ነው አልኩ። ሌላም ልል ነበር፤ ጠፋኝ። ተቀመጥኩ።

አልማዝ ተነሣች። «እኔም ግለ ሂስ አለኝ። የሰው ወረቀት አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ዘበኛው፣ ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ «እናውቅ ነበር» አሉ። የደካው ነገር ቀረ። ተላላኪ ይቀጠር የሚል ሐሳብ ቃለ ጉባኤ ላይ ገባ። ተመስገን!

ስንወጣ ኃላፊው በር ላይ አገኙኝና «ጎበዝ ተናጋሪ ነሽ። ውጤትሽን ሰኞ ትወስጃለሽ» አሉኝ። ፈገግ ብለዋል። የምን ፈገግታ እንደሆነ አላወቅኩም።

ቅዳሜ

ክፍል ሦስትን እንደገና ጻፍኩ። ይቅርታ ልል እትዬ ወርቄ ቤት ሄጄ ነበር። አጥሩ ጋ ደርሼ ባለቤታቸውን በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሲያጫውቷቸው ሰማሁ። መረበሽ መሰለኝ፤ ተመለስኩ። ሰበብ ነው።

ሰኞ

የተሞላው የውጤት ቅጽ ማህተም ሊመታበት መዝገብ ቤት መጣ። እትዬ ወርቄ እጅ ላይ ነው፤ ክፍቱን ነው። አነበቡት። እኔ ደግሞ ፊታቸውን አነበብኩ። ምንም የለበትም። ማህተሙን መቱ፣ ቅጹን አጠፉት፣ ፖስታ ውስጥ ከትተው በሙጫ አሸጉት፣ ወጪ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጡት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«እሱን ዓርብ ጨርሰሻል። አሁን ተቀብያለሁ ብለሽ እዚህ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። አልሄድ አልኩ። ምን እንደምጠብቅ ገባቸው መሰለኝ፣ ሳቅ አሉ። «መዝገብ ቤት ምን የለውም ነበር ያልኩሽ?» ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ደብዳቤ የሚያመጡበትን ፌስታል አወጡ፤ ፖስታውን ጠቅልለው ሰጡኝ። «ዝናብ እንዳይነካብሽ ልጄ» አሉ።

ይህን የምጽፈው የጅማው አውቶቡስ እስኪሞላ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ነው። ጥሩ ውጤት ይሁን መጥፎ፣ አባቴን ምን እንደምለው አላውቅም። ሙጫው ገና አልደረቀም። የፖስታው ክዳን አንድ ጥግ በራሱ ቀና ብሏል። ጣቴን አስጠጋሁ። ከዚያ ጥጉን ተጭኜ መልሼ ለጠፍኩት።