ለቅሶ ደራሽ ያጠጣው በረንዳ

ወይንሸት ዓለሜ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሞላን። የሄድሽብኝ በየካቲት ነበር፤ አሁን ዳግማይ ትንሣኤም አልፎ ሰው ሁሉ ሥጋ መሰልቸት ጀምሯል። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ብዕር ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር ደስ ስለማይል ነው። አንቺ ደግሞ ክፉ ወሬ ዙሪያውን ተዞሮ ሲነገርሽ ትናደጂ ነበር። ስለዚህ ባንድ ትንፋሽ ልበለው፤ በረንዳሽ አልቋል።

ሰባት ማሰሮ ተክል ትተሽልኝ ሄድሽ። ስድስቱ ተከትለውሽ መጥተዋል። እዚያ ካገኘሻቸው ስለ እኔ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ገዳያቸው ማን መሰለሽ? ፀሐይ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል የሚነሳው ነፋስም አይደለም። የገደላቸው ለቅሶ ደራሽ ነው።

ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳም፣ ሥራው የዘመድና የጎረቤት ነው። አገር ቤት ቢሆን ድንኳን የሚተክለው ይተክላል፣ እንጨት የሚፈልጠው ይፈልጣል። እዚህ ባዕድ አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ጥግ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ ግን ምን ይሠራ? ድንኳን ልትከል ቢል የሕንፃው ማኔጀር ፖሊስ ትጠራለች። ውኃው ከቧንቧ ይመጣል። አራቱን ሳህን ሦስት ሴቶች ተሻምተው ያጥቡታል። የቀረው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና፣ ዓይኑ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ሲንከራተት በረንዳው ላይ ያርፋል። ከዚያማ «እኔን! የወይንሸት አበቦች ውኃ ጠምቷቸው!» ብሎ ይነሳል። ጠዋት ከፓሳዴና የመጣው አጠጣ። በምሳ ሰዓት ከዌስትቼስተር የሆቴል ሥራው የወጣው አጠጣ። ወደ ማታ የመጡት ሴቶች አልቅሰው አጠጡ። እንዲህ እስከ አርባሽ ድረስ። አንዱ የሌላውን አያውቅም፤ እያንዳንዱ ለእነዚያ ምስኪኖች ያዘነ እሱ ብቻ መስሎታል። እኔ ፍራሹ ላይ ሆኜ በመስታወቱ አያለሁ። ተዉ ማለት እችል ነበር። ግን ሊያስተዛዝነኝ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የመጣን ሰው በምን አፌ ተው ልበለው?

እሬቷ፣ «ይቺ እንኳን በእሳትም አትሞት» ትያት የነበረችው፣ ከሥሯ በስብሳ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተጋደመች። የጥብስ ቅጠሉ ጠቆረ። ሁለቱ ጀራኒየሞች እንደ ባልና ሚስት ተከታትለው ሄዱ። ጤና አዳሙ፣ ለስንቱ ሆድ ቁርጠት መድኃኒት የነበረው፣ ለራሱ አልሆነም። ቡገንቢሊያው እስከ መጨረሻው ታግሎ አንድ ሮዝ ቅጠል እንደ ነጭ ባንዲራ አውለበለበና እጁን ሰጠ። በኮንክሪቱ ላይ በጠመኔ ያሰመርሻቸውን መስመሮችም ውኃው አጥቦ ወሰዳቸው።

እነዚያን መስመሮች ያሰመርሽበት እሑድ ትዝ ይልሻል? ተክል ከመግዛትሽ በፊት ወንበር አውጥተሽ ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳው ላይ ዋልሽ። ፀሐይዋ በፈቀቀች ቁጥር ታሰምሪያለሽ። ይሄ የጠዋት ነው፣ ይሄ የቀትር ነው፣ ከዚህ ወዲያ ጥላ ነው። እኔ ከውስጥ ሆኜ «ሚስቴ በረንዳ ልትሸነሽን ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። አንቺም ሳትዞሪ፣ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ነው የሚያውቀው፣ ከዚያ ነው እንግዳ የሚጠራው አልሽኝ። ቀጥለሽም ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ገልብጠሽ ከሥራቸው ቀዳዳ የሌላቸውን መለስሻቸው። ለትዳር እንኳ እኔን ስትመርጪ እንዲህ አልተጠነቀቅሽም።

ከሰባቱ የተረፈው ቄጠማው ነው። ረግረግ ወዳድ አይደል፣ ያ ሁሉ የሐዘን ውኃ ተስማማው። ሌሎቹ ሲሞቱ እሱ ወፈረ፤ እንደ አንዳንድ ዘመድ። በእርግጥ ቄጠማ ነው ብለሽ ያወጅሽው አንቺ ነሽ። ችግኝ ሻጩ የዣንጥላ ተክል ይባላል ሲልሽ፣ ስሙን ለእኔ ተወው ብለሽ በአማርኛ ተቆጣሽው። እሱም ምን እንዳልሽው ሳይገባው ይቅርታ ጠየቀሽ። በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት፤ ስወርድ ሱሪዬን ያየ ሁሉ በሐዘኔታ መንገድ ለቀቀልኝ።

ለቅሶው ካለቀ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሆነ፣ ወይንዬ። ስምሽን የሚጠራ ጠፋ። ክፋት አይደለም፣ እኔን ላለማስከፋት ነው። ሰው ይመጣል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ አገር ቤት ወሬ ያወራል። ወሬው ወደ አንቺ ሲጠጋ ጉሮሮውን ይጠርግና ሌላ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ሻወር ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ «ወይንሸት!» እላለሁ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ እንዳይዝግ። ቄጠማው ብቻ ቀረኝ። ግንዶቹን እጅሽ ነክቷቸዋል። ጠዋት ጠዋት እንደ ሐኪም አያቸዋለሁ።

በመጋቢት ማኔጀሯ ሚስስ ኸርማን ከታች ወደ እኔ ወጣች። ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ በእነዚያ አርባ ቀናት ከእኛ በረንዳ የወረደው ውኃ ሁሉ በእሷ ላይ ነው የዘነበው፣ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። አሁን ግን ባዶ ማሰሮ መንገደኛው ሲያየው ደስ አይልም፣ ወይ ትከልበት ወይ አንሳው አለችኝ። እኔም አማካሪ ይዤ ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። ጥፋቴ አማካሪ መያዜ ነው።

አንዷ እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ለቅሶሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመሩት። ያገኙትን ቅጠል ሁሉ እየቀነጠሱ፣ እያሹ፣ እያሸተቱ፣ «ይሄ ሽታ የለው! ቅጠል ነው ፕላስቲክ?» ይላሉ። ሻጩ ከኋላቸው እየተከተለ የተቀነጠሰውን ያያል። ሁለተኛው አብሮ አደጌ ሰይፉ ነው፤ የተማሪዎች ስብሰባ የማያመልጠው። መኪናውን ፓርክ ሳያደርግ ጀምሮ ንግግር ያዘ። «አበባ የንዑስ ከበርቴ ጌጥ ነው። ሶ፣ ሰፊው ሕዝብ የሚበላውን ትከል፤ ጎመን፣ ቲማቲም። በረንዳ ለአራሹ!» አለኝ። አራሹ እኔ መሆኔ ነው። ስንወጣ ግን ለሴት ጓደኛው አንድ ጽጌረዳ ታቅፎ አገኘሁት። ሳየው፣ «ቀይ እኮ ነው» አለኝ።

እኔ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ምክንያቱን ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ባንቺ ማሰሮ ሌላ ተክል መትከል፣ ባልጋሽ ላይ ሌላ ሰው ማስተኛት መሰለኝ።

በሕማማት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ እትዬ በላይነሽ ደወሉ። ከሌላ ከተማ ቄስ በእንግድነት መጥተዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት በተውሶ አዳራሽ ጸሎት አለ፣ ለቀዳም ስዑር ራስ ላይ የሚታሰር ቄጠማ ግን ከየት ይምጣ? «ያንተ በረንዳ ላይ አለ አይደል?» አሉኝ። ሞቷል አልኳቸው። በሐሙስ፣ በጾም፣ ሳይጠይቁኝ የሞተበትን ቀን ጨምሬ። ከዚያ ማሰሮውን ተሸክሜ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኩትና መጋረጃውን ሳብኩበት።

ቅዳሜ በጠዋት መጡ። ዳቦ ይዘው ነው፤ እጄን ልታጠብ ብለው ገቡ። ቆዩ። ወጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ «አንተ ልጅ፣ ቄጠማውም ለፋሲካ ገላውን ሊታጠብ ነው?» አሉኝ።

ዳቦውን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ያን ጊዜ ስድስቱን ስናሰጥማቸው አየኸን፤ ለእኛ ስታዝን ዝም አልክ። አውቀናል፣ አፍረናልም። ርግቧ እንኳ ውኃው ሲጎድል ለኖኅ ያመጣችለት ይሄንኑ ነው፤ ደብቃ አልያዘችውም። እኔ ግን አልነካልህም። የወይንሸት ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በወራት ውስጥ ስምሽን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ገብቼ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የወጥ ቤቱን መቀስ አምጥቼ ቆረጥኩት፤ ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር፤ አንዱን ባስቀር እሱኑ ስጠብቅ እንደምኖር ራሴን አውቀዋለሁ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አዳራሹ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ቄሱ ተቀብለው አዩት፣ አሸተቱት፣ ዘንጉን ጠመዘዙት። ቄጠማ አለመሆኑ ገብቷቸዋል። ከየት ነው አሉ። እትዬ በላይነሽ ከሴቶቹ በኩል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከወይንሸት ነው!» አሉ። ቄሱም ባርከው ማደል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ! የወሰደው ለሚቀጥለው ሲያቀብል «ከወይንሸት ነው» ይላል፣ ያኛውም ለቀጣዩ። እስከ በሩ ድረስ ስምሽ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሰማሁት። የተክሉ ጫፍ ዣንጥላ ስለሆነ ሰው ሁሉ ራሱ ላይ ሲያስረው ዓይኑን ሸፈነው፤ ጉባኤው በሙሉ በቅጠል ውስጥ አጮልቆ እየተያየ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ተባባለ። ሰይፉ ሁለት ወሰደ። አንዱ ለሃይማኖት ሳይሆን ለባህል ነው ብሎኛል፤ ሁለተኛው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉሮሮውን የሚጠርግልኝ የለም። ሰው ስለ አንቺ ያወራኛል፤ ያጣላሽውን፣ ያስታረቅሽውን፣ በክርክር ያሸነፍሽውን። አንዳንዱ ውሸት ነው፤ አላርምም።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። ለጠዋት ፀሐይ ጀራኒየም፣ ለቀትሩ እሬት፣ ነፋሱ ለሚመታው ጥግ የጥብስ ቅጠል መረጥኩ። ጃስሚንም አከልኩ፤ አንቺ ሽታው ራስ ያዞራል ትዪ ነበር፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ማሰሮዎችሽን እንዳንቺ ገልብጬ የሥራቸውን ቀዳዳ አይቼ ነው የተከልኳቸው።

የተቆረጠው ቄጠማ ደግሞ ከሥሩ አቆጥቁጧል። አረንጓዴ ጦር የመሳሰሉ፣ ቀጥ ያሉ። ቁጭ ብዬ አየኋቸው፣ ወይንዬ፤ እነዚህን አንቺ አታውቂያቸውም። እጅሽ የነካው ግንድ ቤት ውስጥ አንድም የለም። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ የምችል አይመስለኝም ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። ምንም ነገርሽን ደብቄ አላስታውስሽም። በየዓመቱ፣ በቀዳም ስዑር፣ ከሥሩ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ለሚወስደው ሁሉ እሰጣለሁ፤ ከማን እንደሆነ ሳይናገር ግን ማንም ከእጄ አይቀበልም።

ባልሽ፣ ደምሴ