ከፓራውልቱ ጀርባ ስላለችው ሴንሰር፣ ለስምሪት ኃላፊው

ለተከበሩ የስምሪት ኃላፊያችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ማክሰኞ ለአባቴ ምሳ ይዤ መጥቼ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት ያበድኩት የሹፌርዎ ልጅ ነኝ። ረስተውኝ ከሆነ ውለታዎ አለብኝ፤ እኔ ግን መርሳት አቅቶኛል።

አንደኛ፣ ለመመሪያዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ቆሞ የሚጠብቅ ሹፌር ኤሲ መክፈት የሚችለው ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የውጭ ሙቀት ከሠላሳ ካለፈ ብቻ ነው ብለው ለጥፈዋል። አባቴም ሰው አድርሶ ተመልሶ እርስዎን ሲጠብቅ ሠላሳ አራት አየና ከፈተ። እርስዎ ወጥተው ስልክዎን ሲያዩ ሃያ ሁለት ይላል። ወዲያው "ነካክተኸዋል፣ አጭበርባሪ!" አሉት። እንዲህ ያለ ፈጣን ዳኛ የት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ አባቴ ሊያስረዳዎ ስለደፈረ ይቅርታ። የውጭውን ሙቀት የምትለካው ሴንሰር የተሰካችው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ነው። መኪናው ሲሄድ ንፋስ ያገኛታልና እውነቱን ትናገራለች። ሲቆም ግን የራዲያተሩ ወላፈንና የአስፋልቱ ግለት እዚያው ያፍናታል፤ እሷም የምትለካው የታፈነችበትን ነው። ትንሽ ቢነዳ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። "ጌታዬ፣ አንድ ዙር ልንዳዎትና ይዩት" ነው ያለው። እርስዎ ግን "ደግሞ አስተማሪ ሆንክብኝ?" ብለው ግቢውን አሳቁበት። አባቴም አብሮ ሳቀ። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም" አለ።

ሦስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ነገሩ እዚያው አልቆ፣ እርስዎም ወደ ቢሮዎ እየተመለሱ ነበር። ደሜን ያፈላችው ያቺ የአባቴ ሳቅ ናት። ምሳውን መሬት ላይ ጥዬ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ እጄን ከፓራውልቱ ሥር ከትቼ ሴንሰሯን ከነሽቦዋ መነጨቅኩና "ይቺውልህ፣ ማን እንደነካካት እይ!" ብዬ እርስዎን የሚያህል ሰው አንተ አልኩ። ከትምህርት ቤትም ያስወጣኝ ይኸው አፌና ይኸው እጄ ነው። አባቴ አልተቆጣኝም። ጎንበስ ብሎ ከጉልበቴ ላይ አቧራውን አራገፈልኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን "ንብረት አበላሽ" ተብሎ ታግዶ ቤት ውሏል። ጠዋት ጠዋት ይላጫል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ከዚያ የአልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እና ጌታዬ፣ የነቀልኳት እኔ ነኝ፣ ሁሉም አይቷል፤ የሚመጣው በእኔ ይምጣ። ግቢውን ጥረጊ ካሉኝ እጠርጋለሁ። ለእሱ ግን የመኪናውን ቁልፍ ይመልሱለት፤ አጭበርባሪ የምትለዋንም ቃል በዚያው ግቢ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ያንሱለት። አንተ ስላልኩዎ ከልቤ ይቅርታ። ለቀረው ገና እያሰብኩበት ነው።

ከእርስዎ ፍጥነትን የወረስኩ፣ ከአባቴ ትዕግሥትን ያልወረስኩ፣
አንገቴን ደፍቼ የምሰናበት፣
የሹፌሩ ልጅ

ልረሳው የነበረ፦ ሽቦዋ ከተበጠሰች ወዲህ ዳሽቦርዱ ከዜሮ በታች አርባ እንደሚል ጥበቃው ነግሮኛል። መመሪያዎ እስካልተሻረ ድረስ ውጭው በረዶ ነውና፣ ነገ ሲመጡ ካፖርትዎን እንዳይረሱ አደራ።